የኮምፒውተር ክፍሎቻችሁን በክረምት ክፈቱ፦ ለአርክቴክቸር ትምህርት ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለሚገኙ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍሎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ማስተርስ ለሚጀምሩ ተማሪዎች የክረምት የሶፍትዌር ልምምድ እንዲመቻች ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና መምህራን፣

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አማካሪ ድርጅት የምሠራ አርክቴክት ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ማስተርስ ሊጀምሩ የተዘጋጁ ልጆችን የዲዛይን ሶፍትዌር አስጠናለሁ። ሰኔ ሲገባ የሚደውሉልኝ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ አምስት ዓመት አርክቴክቸር ተምረው፣ ቢሮ ገብተው ጥቂት ከሠሩ በኋላ እዚሁ አገር ቤት ወይም ውጭ የማስተርስ ዕድል ያገኙ ናቸው። ሁለተኞቹ በሲቪል ምህንድስና፣ በሥዕል፣ አንዳንዴም በኢኮኖሚክስ የተመረቁ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ የአርክቴክቸር ዲግሪ የሌለውንም ሰው ተቀብሎ በሦስት ወይም በሦስት ዓመት ተኩል የሚያስመርቅ የማስተርስ ፕሮግራም አለና እሱ ተቀብሏቸዋል። የሁሉም ጥያቄ ያው ነው፦ «ትምህርት ሳይጀመር የትኞቹን ሶፍትዌሮች ልጨርስ?»

ይህን ለእናንተ የምጽፈው መልሱ በከፊል በእናንተ እጅ ስለሆነ ነው።

ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። የማስተርስ ስቱዲዮ (የዲዛይን ሥራው ክፍለ ጊዜ) ማንንም አይጠብቅም። ገና ከጅምሩ ፕላንና ሴክሽን (ቤቱ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል) ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይተቻል፤ መምህሩም ሶፍትዌሩን «በጎን ትለምዱታላችሁ» ብሎ ያልፈዋል። የሚያሳዝነኝ ልጆቹ ለዚህ ፍርሃት የሚሸጥላቸው መድኃኒት ነው። ቴሌግራም ላይ በየሰዓቱ ይለጠፋል፦ አውቶካድ፣ ሬቪት፣ ስኬችአፕ፣ ሉሚዮን፣ ፎቶሾፕ፣ በአንድ ወር፣ ሰርተፊኬት አለው። ከዚህ የወጣ ልጅ ሉሚዮን ውስጥ ዛፍ ይተክላል፣ ሰማዩን ያመሻሻል፣ በሩ ላይ ዘመናዊ መኪና ያቆማል። የበሩን ስፋት ስትጠይቁት ግን ሶፍትዌሩ በራሱ ያስቀመጠውን ቁጥር ያነብላችኋል። ደረጃ በሬቪት በሁለት ክሊክ ይወጣል፤ የአንዱ ርከን ከፍታ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ፣ የሚወጣው ሰው ከላይኛው ወለል ጋር ግንባሩን ይግጭ አይግጭ ያሰበበት የለም። አምስት ሶፍትዌር የነካካ፣ አንድ ቤት ያልሳለ ልጅ ማለት ይህ ነው። ለማስተርስ ስቱዲዮ ከዚህ የባሰ ዝግጅት አላውቅም፤ ምንም ሳያውቅ የመጣው ቢያንስ ይጠይቃል።

እኔ የማስጠናው በሌላ መንገድ ነው፤ እናንተም ብትይዙት ከእኔ የተሻለ ትሠሩታላችሁ ብዬ አምናለሁ። ክረምቱን ለአንድ ቤት እንዲሰጡ አደርጋለሁ። ቆሞ ያለ፣ ሰው የሚኖርበት፣ ገብተው ሊለኩት የሚችሉት ቤት። የአያት ቤት ሊሆን ይችላል፣ የቀበሌ ቤት ሊሆን ይችላል። ጭቃ ቤት ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

ለመለካት የሚያስፈልገው ሜትር፣ ቱምቢ፣ ውሃ ልክ፣ ከተገኘ ሌዘር ሜትር ነው። ተማሪው መጀመሪያ በእርሳስ ረቂቅ ፕላን ይስላል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ክፍል አራት ጎን ይለካና ወደ ቢሮ ይመለሳል። አውቶካድ ላይ ሲያስገባው አይዘጋም። አራተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም፣ ወይም ይገናኝና ቀጣዩ ክፍል ግድግዳው ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ተመልሶ ሄዶ ሰያፉን መለካት እንዳለበት የሚገባው፤ አራት ጎን ብቻውን ቅርጽን አይወስንም፣ ሰያፍ ሲጨመርበት ክፍሉ ወደ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ይከፈልና ይጸናል። ይህን ነገር በጂኦሜትሪ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ተምሮታል። ዝናብ እየዘነበበት ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ግን የማይረሳ ይሆናል።

አሁን ወደ ጭቃ ቤቱ። የጭቃ ግድግዳ ከታች ወፍራም፣ ወደ ላይ ሲሄድ ቀጭን ነው፤ ማዕዘኑም 90 ዲግሪ ሆኖ አያውቅም። ሬቪት ውስጥ ከቀጥታው እጅግ በጥቂቱ ዞር ያለ ግድግዳ ስትስሉ፣ መስመሩ ከአክሲሱ በጥቂቱ ስለወጣ ስህተት ሊያመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ተማሪው ይደነግጣል፣ ግድግዳውን ቀጥ ያደርገዋል፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። የጠፋው ግን ማስጠንቀቂያው ብቻ አልነበረም፤ ቤቱም አብሮ ጠፍቷል። እዚህ ላይ አስቆመውና እጠይቀዋለሁ፦ እንደተለካው ነው የምትስለው ወይስ እንደታሰበው? ሠሪው ቀጥ ያለ ክፍል ፈልጎ እንጨቱ አጣሞበት ነው? ወይስ ከጎረቤት ወሰን ጋር ለመስማማት ሆን ብሎ ነው ያዞረው? ሁለቱም መልስ ሊያስኬድ ይችላል፤ ውሳኔው ግን የተማሪው መሆን አለበት። ሶፍትዌር መማር ያልኩት ይህ ነው። ትእዛዝ ሽምደዳውማ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል።

ሴክሽኑ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የድሮ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ተወጥሮበት ቀለም የተቀባ ነው፤ ከላዩ ያለው ወራጅና ማገር አይታይም። ተማሪዎቼ ጣሪያውን ከገመቱ ወዲያው ያስታውቃል፦ ወራጁ ግድግዳው ላይ ሳይቀመጥ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ የቆርቆሮው ተዳፋት ከውጭ ከተነሳው ፎቶ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በተቀደደ ጥግ በኩል ስልክ አስገብተው በመብራት ያነሳሉ፣ ከውጭ ያለውን የጠርዝ ከፍታ ይለካሉ፣ ሁለቱን ያገናኛሉ። እማማዎቹ «ጣሪያ ውስጥ ምን ጠፋባችሁ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ቡና ሳይጠጡ የተመለሱበት ቀንም የለም።

ከዚያ በኋላ ነው መስመር የምናስተምረው። አውቶካድ ስክሪን ላይ ሁሉም መስመር እኩል ቀጭን ነው። ወረቀት ላይ ግን የተቆረጠው ግድግዳ 0.5 ሚሊሜትር፣ ከቁርጡ ወዲያ የሚታየው 0.25፣ የወለል ንጣፉ 0.13 ካልሆነ ፕላኑ አይነበብም። እነዚህ ቁጥሮች ከኮምፒውተር የመጡ አይደሉም፤ ቀደምቶቻችን በቀለም እስክሪብቶ ሲስሉ ይመርጧቸው የነበሩ የብዕር ውፍረቶች ናቸው። አውቶካድ ራሱ በ1982 እኤአ ሲወጣ የተረከበው ያንን የሥዕል ሥርዓት ነው። በ1፡100 ታትሞ 2.5 ሚሊሜትር ሆኖ የሚነበብ ጽሑፍ ሞዴሉ ውስጥ 250 ሚሊሜትር መሆን እንዳለበት ያልገባው ልጅ፣ ከሰብሚሽን በፊት ባለው ሌሊት ማተሚያ ቤት በር ላይ ያገኘዋል። የአዲስ አበባ ቢሮዎች ሁሉንም ነገር ሞዴል ውስጥ ደርድረው በዊንዶ (በሳጥን) እየከለሉ አንድ በአንድ ማተም ስለለመዱ ልጆቹም ያንኑ ይዘው ይሄዳሉ፤ እዚህ ያሠራል፣ ስቱዲዮ ውስጥ አሥራ ሁለት ወረቀት በአንድ ሌሊት ሲስተካከል ግን ጉድ ይፈላል።

ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ሞዴል የምንጀምረው ፕላኑና ሴክሽኑ ካለቁ በኋላ ነው። በየትኛው ሶፍትዌር? ይህ እንደሚሄዱበት ይለያያል፤ የቴሌግራም ፓኬጅ የማይነግራቸውም ይህንኑ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልጅ ስቱዲዮው ውስጥ ራይኖን (የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ነው) በብዛት ያገኛል፤ ከራይኖ 6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 እኤአ ወዲህ፣ ቅርጽን በቀመር የሚያወጣው ግራስሆፐርም አብሮት ተጭኖ ይመጣል። ሬቪት ቢሮ ሲገባ ይጠቅመዋል፤ ለመጀመሪያው ስቱዲዮ ግን ቅድሚያ አልሰጠውም። ወደ ጀርመንና ስዊዘርላንድ የሚሄዱት በአርኪካድና በቬክተርወርክስ የሚሠሩ ብዙ ቢሮዎች ይገጥማቸዋል። እዚሁ አገር በቤት ልማት፣ በከተማ ዲዛይን ወይም በመልክዓ ምድር ዕቅድ ማስተርስ የሚገባ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ነው። ነፃ ነው፣ ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ) አይፈልግም፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። ሬንደርን (ሞዴሉን ፎቶ አስመስሎ ማውጣትን) በተመለከተ አቋሜ ግትር ነው፤ በክረምቱ አላስተምርም። ቤቱን ያወቀ ልጅ ብሌንደርንም ሉሚዮንንም በኋላ ይደርስበታል።

ለመለካት የሚመች ቤት በአቅራቢያው የሌለው፣ ወይም ራይኖን ከሥሩ ማወቅ የፈለገ ልጅ ካለ አንድ ሌላ ልምምድ አለኝ፦ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ። ብዙዎች ሞዴል መሥራት የሚጀምሩት ግድግዳ በማቆም ነው። ቤተ ጊዮርጊስ እንዲያ አልተሠራም፤ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ ነው የወጣው። ስለዚህ ሞዴሉም ከአንድ ትልቅ ድፍን ብሎክ ይጀምርና በቡልያን ዲፈረንስ (አንዱን ድፍን ከሌላው በሚቀንሰው ትእዛዝ) እየተቀነሰለት ይሄዳል፦ መጀመሪያ ዙሪያው ያለው ጉድጓድ፣ ቀጥሎ በመስቀሉ አራት ክንፎች መካከል ያሉት ጥጎች፣ ከዚያ በሩና መስኮቶቹ፣ በመጨረሻ ውስጡ። ቅደም ተከተሉ ሲበላሽ ሞዴሉም ይበላሻል። ራይኖ «ቡልያኑ አልተሳካም» ሲል ምን ለማለት እንደፈለገ፣ ድፍን የሚባለው ነገር ገጽታው ሁሉ የተዘጋ መሆን እንዳለበት እዚህ ላይ ይገባቸዋል።

አንድ ቤት ስል ግን የልምምድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ክቡራን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል። ልማቱን የደገፈም የተቃወመም ይኖራል፤ ያ ክርክር የዚህ ደብዳቤ አይደለም። ግን ከፈረሱት ቤቶች ስንቱ ነው የተለካ ፕላንና ሴክሽን ኖሮት የሄደው? በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ እሳት በተነሳ ጊዜም ያስጨነቀኝ ይኸው ጥያቄ ነበር። ባለሰገነት የእንጨት ቤቶቻችን፣ የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው የአራዳ ሕንፃዎች፣ ከእነሱም በላይ ማንም ቅርስ ብሎ ያልመዘገባቸው ተራ የጭቃ ቤቶች አሉ። በየዓመቱ ሶፍትዌር ለመለማመድ አንድ ክረምት የሚያጠፉ ልጆች አሉን፤ የማይኖር ቪላ ከዩቲዩብ እያዩ ከሚገለብጡ የሚፈርሰውን ቤት ቢስሉ ምናለ? ሥራው ያው ነው። ውጤቱ ግን ለትምህርት ክፍሉ ማኅደር ይሆናል፤ ለከተማዋም እንዲሁ።

ይህ እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው? አንዱ የፈቃድ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። አብዛኞቻችን የተማርነው በክራክ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ፣ አንቲቫይረሱን አጥፉ እየተባለ የሚጫን ነገር ነው። በየአማካሪ ቢሮው በአውቶካድ ፋይል ጀርባ ታዝሎ የሚዞረውን የኤልኤስፒ ቫይረስ የማያውቅ ድራፍተር ያለ አይመስለኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ውጭ አገር ሲሄዱ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ በክራክ የተሞላ ላፕቶፕ የዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ ማገናኘት ችግር መጥራት ነው።

ሕጋዊው መንገድ እንዳለ ብዙዎቹ ልጆች አያውቁም። አውቶዴስክ አውቶካድንም ሬቪትንም ለተማሪ በነፃ ይሰጣል፤ ለአንድ ዓመት ሆኖ የሚታደስ ነው፣ ተማሪ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ግን ይጠይቃል። አርኪካድም ለተማሪ ነፃ ነው። ራይኖን ማንም ሰው ለ90 ቀን ያለ ምንም ገደብ መሞከር ይችላል፤ ቀኑ ሲያልቅ ፋይል ማስቀመጥ ይከለክላል። ስኬችአፕ በድረ ገጽ የሚሠራ ነፃ ቅጂ አለው። ብሌንደር፣ ኪውጂአይኤስና ኢንክስኬፕ እስከ መጨረሻው ነፃ ናቸው። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ሰኔና መስከረም መካከል ያለው ልጅ የማንም ተማሪ አይደለም። ከዱሮው ትምህርት ቤቱ ተመርቋል፣ አዲሱ ገና አልመዘገበውም፤ የተማሪ ማስረጃ አምጣ ሲባል የሚያቀርበው ወረቀት የለውም። ሊማርበት የሚችለው ጊዜ ደግሞ ያ ብቻ ነው። በዚህ ክፍተት ነው ክራኩና የቴሌግራሙ ፓኬጅ የሚገቡት።

ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ሬቪትን የሚሸከም፣ 16 ጊጋባይት ራምና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ዛሬ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። ለአሜሪካ ቪዛ፣ ለትራንስፖርትና ለመጀመሪያ ወር ኪራይ እየተራወጠ ያለ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ግዛ ማለት ጭካኔ ነው። አንዳንዱ ከውጭ ዘመድ ማክ ይላክለታል፤ ሬቪት ማክ ላይ እንደማይጫን የሚሰማው ካርቶኑን ከከፈተ በኋላ ነው። በሌላ በኩል የእናንተ የኮምፒውተር ክፍሎች ሐምሌና ነሐሴ ተቆልፈው ይከርማሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ክፍሎቹን በሐምሌና በነሐሴ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እንኳ፣ ማስተርስ ለተቀበላቸው ልጆች ክፈቱ፤ በእናንተ ዘንድ የሚማሩም ይሁኑ ወደ ሌላ የሚሄዱ። ወጪው የጥበቃ ትርፍ ሰዓት፣ የመብራትና የአንድ ረዳት መምህር አበል ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይጠፋ አውቶሴቩን በየአምስት ደቂቃ ማድረግን ራሳቸው ይማሩታል። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቤት ለክቶ፣ ስሎ ያስረክባችሁ፦ ፕላን፣ ሁለት ሴክሽን፣ አራት ኤሌቬሽን፣ አንድ ሞዴል፤ በፒዲኤፍና በዲኤክስኤፍ፣ የለካበት የእርሳስ ረቂቅም ተቃኝቶ። ዲኤክስኤፍ፣ ማለትም የተለያዩ ሶፍትዌሮች ሊከፍቱት የሚችሉት የሥዕል ፋይል፣ የምለው ሆን ብዬ ነው። የሬቪት ፋይል ወደ ኋላ አይመለስም፤ በ2024 ቅጂ የተቀመጠውን የ2019 ቅጂ አይከፍተውም፤ ማኅደር ደግሞ ከሶፍትዌሩ በላይ መኖር አለበት።

ማስተርስ እናንተው ዘንድ ለሚጀምሩት ደግሞ የምዝገባ ማስረጃውን መስከረምን ሳትጠብቁ ሐምሌ ላይ ስጧቸው፤ በዚያች አንድ ወረቀት የአውቶዴስክን የተማሪ ፈቃድ ማውጣት ይችላሉ። ከዚሁ ጋር የመጀመሪያው ሴሚስተር ስቱዲዮ በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚሠራ፣ በየትኛው ቅጂ፣ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚረከብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አውጡ። «መሠረታዊ የኮምፒውተር ዕውቀት» የሚለው የማስታወቂያ ቋንቋ ለማንም ምንም አይናገርም።

የከተማ ዲዛይን ክፍሎችን በተለይ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ኮኦርዲኔት (በካርታ ላይ ቦታን የሚለዩ ቁጥሮችን) አስተምሩልን። ከከተማው የሚገኘው ላይን ማፕ (የመስመር ካርታ) ብዙውን ጊዜ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን በሚባለው የካርታ ሥርዓት ነው፤ ከሳተላይት የሚወርደው ምስል በሌላ ሥርዓት፣ በደብልዩጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን እንዲሁ የደረበ ልጅ ከ200 ሜትር በላይ የተንሸራተተ ከተማ ያገኛል፤ ከዚያም በእጁ ጎትቶ «ያስተካክለዋል»። ለአዲስ አበባ መሃል የሰሜን ቁጥሩ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት) ወደ አንድ ሚሊዮን ሜትር ይጠጋል፤ ይህን እንዳለ ራይኖ ውስጥ ስታስገቡት መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሬቪት ደግሞ ከመነሻ ነጥቡ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር አልወድም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳይቱን ወደ ዜሮ ማምጣትና ምን ያህል እንዳንቀሳቀሱት ቁጥሩን ጽፎ መያዝ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ በዲግሪው አምስት ዓመት ውስጥ ግን ያላገኙት ልጆች በየክረምቱ እኔ ጋ ይመጣሉ።

ለተማሪዎቹም ጥቂት ቃል ላክል፣ ደብዳቤውን እነሱም ያነቡታልና። ወደ አሜሪካ የምትሄዱ፣ እግርና ኢንች ልመዱ። እነሱ 1፡100 አይሉም፤ አንድ ስምንተኛ ኢንች ለአንድ እግር ይላሉ፣ እሱም 1፡96 ነው፤ ሩብ ኢንቹ 1፡48። ወረቀታቸው ኤ1 አይደለም፣ 24 በ36 ኢንች ነው። የለካችሁትን ቤት አንድ ጊዜ በዚያ ስኬል አትማችሁ ሂዱ፤ ዓይናችሁ ካልለመደው መጀመሪያ ላይ ሁሉም ክፍል ጠባብ ወይም ሰፊ ይመስላችኋል። አርክቴክቸር ያልተማራችሁት ደግሞ ለሶፍትዌር ከመደባችሁት ጊዜ ግማሹን ለእርሳስ ስጡት። ፖርትፎሊዮ ውስጥ ሬንደር የለኝም ብላችሁ አትጨነቁ፤ ትምህርት ቤቱ የተቀበላችሁ ያንን እያወቀ ነው። ክራክ የሌለበት ላፕቶፕ ይዛችሁ ግቡ።

የትምህርት ክፍሎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በነፃ ላስተምር ዝግጁ ነኝ፤ ከቢሮ ጓደኞቼም እንዲሁ የሚሉ አሉ። ምላሻችሁን ከሰኔ አጋማሽ በፊት ብናውቅ የሚለኩትን ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተነጋግረን ማስፈቀድ እንችላለን። ተማሪዎችም እስከዚያ ራይኖን እንዳትጭኑት፤ 90 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከጫናችሁበት ቀን ነው፣ መጀመሪያ ቤቱን ለኩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የክረምት አስጠኚ አርክቴክት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ዘንድሮ የአርክቴክቸር ማስተርስ ለሚጀምሩ ተማሪዎች በሙሉ
ለወላጆቻቸው